የከሱ በሬዎችን ያመጣው ዘመዳችን

መጽሐፍ ማንበብ ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ። ማንን እንደሚጠቅም ግን አብሮ የነገረኝ የለም። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፤ በዚያው መጽሐፍ ምክንያት ገና ያላገባሁትን ባሌን ከማጣት ለጥቂት ተረፍኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ካለ በእናንተ የተቆጣሁ እንዳይመስላችሁ። የተቆጣሁባቸው ሰዎች ራሳቸውን ያውቃሉ።

መጽሐፉ የአንዲት እቴጌ የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ስማቸውን የጻፍኩ ዕለት ከጉና ተራራ ሥር እስከ አንበሳሜ ያለው ሰው ሁሉ «የእኛ ናቸው» ብሎ ደጃችን ላይ ይሰለፋል፤ እኔ ደግሞ ካለፈው ሰልፍ ገና አላረፍኩም። በእኛ አገር እቴጌይቱን የማይዘመድ ሰው ካገኛችሁ ወይ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው፣ ወይ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው።

ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ጋሼ አድማሱ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ እህል ይነግዳሉ። (አያችሁ፣ መጀመሪያ ላይ «ነው» አልኩና ኋላ «ይነግዳሉ» አልኩ፤ አሁን ይህን ቢያነቡ ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ይቆጡኛል።) ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከደቡብ የመጣች መምህርት ትከራያለች። ቀሚሷን አሳጥሬ ስወስድላት መጽሐፉን አልጋዋ ላይ አየሁት። ማየቴን አየችኝ። «ውሰጂው» አለችኝ። እኔ «እሺ» ማለትም «ይቅርብኝ» ማለትም አፍሬ ዝም ብዬ ስቆም፣ እጄ ላይ አስቀምጣው በሩን ዘጋች።

ስለ ዓይናፋርነቴ ደግሞ ትንሽ ልበላችሁ፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራለሁ። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው ዱብ እላለሁ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ መጨረሻ ድረስ የሚሄድ ሆነና ዩኒቨርሲቲው በር ደረስኩ፤ ከዚያ በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ «የት ነበርሽ?» ሲሉኝ «እንዲሁ» አልኩ።

የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ናቸው። መጽሐፉን ይዤ የሄድኩ ቀን እትዬ ብርቄ ሽፋኑን አዩት። ሽፋኑ ላይ እቴጌይቱ በጥልፍ ቀሚስ ተሥለዋል።

«ይህ የአንገት ጥልፍ የዛሬ ነው» አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «በእሳቸው ዘመን እንዲህ ያለ ጥልፍ የለም። በመኪና የተጠለፈ ነው። ሽፋኑ ላይ የዋሸ ውስጡ ምን ያህል ይዋሽ!»

«ሥዕሉን የሣለው ሌላ ሰው ይሆናል» አልኩ፤ አልኩ ማለቴ በልቤ ነው።

እትዬ ብርቄ መጽሐፉን አልገለጡትም። እስከ ዛሬም አልገለጡትም። ግን ልብስ ሊለካ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «እሱን መጽሐፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ አይረባም» ይሉታል። የመጀመሪያው የአንባቢ አስተያየት ይህ ነበር። በዚያ ቢቆም ኖሮ ምንኛ ጥሩ!

ከስፌት ቤታችን ቀጥሎ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩበት ቤት አለ። እዚያ ደሳለኝ የሚባል አናጢ አለ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፣ ፊቴ ይሞቃል። ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ ደሳለኝ በየጊዜው መቀስ ሊዋስ ይመጣል። አናጢ በመቀስ ምን እንደሚሠራ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን መቀሱን ትቶ «እሱን መጽሐፍ ልዋሰው?» አለኝ። ሰጠሁት። አንበሳሜ ወላጆቹ ዘንድ ለበዓል ይዞት ሄደና ሰነበተ።

ሲመልስልኝ ድፍረቴን ሁሉ አጠራቅሜ «እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ወረቀቱ ወፍራም ነው። ጥራዙም ርካሽ ሙጫ አይደለም፣ በደንብ ይዟል።»

«ታሪኩስ?»

«ታሪኩን ያነበቡት አያ ካሴ ናቸው።» አያ ካሴ የአባቱ አጎት፣ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ናቸው። «አንድ ገጽ ላይ ደርሰው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ አላነበቡም፣ እሱኑ ገጽ ነው የሚደጋግሙት።»

እውነትም የአንድ ገጽ ጫፍ ታጥፎ አገኘሁት። እኔ ሞኟ፣ የመምህርቷ መጽሐፍ ተበላሸ ብዬ እጥፋቱን በካውያ ተኩሼ አቃናሁት። ገጹ ላይ ምን እንዳለ ዞር ብዬ አላየሁም። በዚያች ደቂቃ ባየሁ ኖሮ መጽሐፉን እዚያው ካውያው ሥር ትቼው እሄድ ነበር።

መጽሐፉ ከዚያ ጋሼ እጅ ገባ።

ጋሼ መጽሐፍ የሚያነቡት ቅዳሜ ገበያ ውስጥ የጠፋ በጉን እንደሚፈልግ ሰው ነው። የሌላውን በግ በክርናቸው እየገፉ ያልፋሉ። እቴጌይቱ ተወለዱ፣ አደጉ፣ ተዳሩ፣ ነገሡ፤ ጋሼ ይህን ሁሉ ዘለሉት። እሳቸው የሚፈልጉት ቅድመ አያታቸውን ፊታውራሪ ገላውን ነው። የመጀመሪያው ቀን አላገኟቸውም።

«ጎዶሎ መጽሐፍ ነው» አሉ በማግስቱ ለእህል ሻጩም ለእህል ገዢውም። «ጸሐፊው አገሩን አያውቅም። ሳይጠይቅ ነው የጻፈ።»

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሳለን ጋሼ ብድግ አሉ። ወንበሩ ወደቀ። «አገኘኋቸው! አሉ! ፊታውራሪ ገላው አሉ!»

እኔና ሚስታቸው እትዬ ጥሩ ሮጠን ሄድን። ያለው ነገር በሙሉ ይህ ነው፤ ፊታውራሪ ገላው የሚባል የእቴጌይቱ የአክስት ልጅ ለግብር የከሱ በሬዎች ነድቶ መጣ፤ እቴጌይቱ በሬዎቹን አዩና ተቆጥተው ሰውየውን ከነበሬዎቹ ከግቢ አስወጡት። አለቀ። ከዚህ ወዲያ ፊታውራሪ ገላው በመጽሐፉ ውስጥ የሉም፤ እኔ ሁለት ጊዜ ፈልጌያቸዋለሁ።

«ተባረሩ እኮ ነው የሚለው» አሉ እትዬ ጥሩ።

«ማን ተባረረ? ተቆጧቸው ነው የሚል። እቴጌ ባዳ ሰው ይቆጣሉ? የሚቆጡት ዘመድ ነው! አንች ራስሽ ከእኔ ሌላ ማንን ትቆጫለሽ?»

«በሬዎቹስ ስለ ምን ከሱ?»

«ድርቅ ነበር።»

«ድርቅ ነበር ይላል?»

«መጽሐፍ ሁሉን አይልም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ምርጥ መጽሐፍ፣ ጸሐፊው ሊቅ ሆነ። ጋሼ መጽሐፉን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ዳንቴል አለበሱት። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይነሣል፣ መጽሐፉ ይገለጣል፣ በሬዎቹ ይመጣሉ። መምህርቷ መጽሐፏን ልትጠይቅ አንድ ቀን ብቅ ብትል አስቀምጠው በሬዎቹን አነበቡላት። እሷም «ጋሽ አድማሱ፣ እኔ የከበደኝ ነገር ጸሐፊው ምንጩን አለመጥቀሱ ነው» አለች።

«ምንጩማ እኔ ነኝ!» አሉ ጋሼ ደረታቸውን መትተው። መምህርቷ አመስግና ወጣች። መጽሐፏን ሳትወስድ።

የነፍስ አባታችን አባ ጥበቡም በተራቸው አዩት። እሳቸው የሚፈልጉት ሰው አይደለም፣ ከበሮ ነው። የደብራቸው ትልቁ ከበሮ የእቴጌይቱ ስጦታ ነው ይላሉ። አገላበጡ፣ አገላበጡ፣ ከበሮ የለም። «ከበሮውን ያላየ ሰው ታሪክ ጻፍኩ አለ» ብለው ዘጉት። «ከበሮው እኮ አለ። መጥቶ ቢመታው ይሰማው ነበር።»

አያችሁ? አንዷ ጥልፍ፣ አንዱ ሙጫ፣ አንዱ በሬ፣ አንዱ ከበሮ። እቴጌይቱን የፈለገ የለም። እኔ በምሳ ሰዓት እየሰረቅኩ፣ ዳንቴሉን እያነሣሁ እየመለስኩ፣ ሙሉውን ጨረስኩት። ስለ እሳቸው የተናደድኩበት ነገር ነበረኝ። «አንችስ ምን አልሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ወራት አለፉ።

በጥቅምት ወር ደሳለኝ መቀስ ሊዋስ መጣ። መቀሱን ይዞ እያየው «የእኛ ሰዎች እሑድ ሊመጡ ነው» አለ።

«የት?»

«እናንተ ቤት።»

ደስ አለኝ። ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? «መቀሱን መልስ፣ ሥራ አለብኝ» አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዝናብ ነበር፤ ጋቢያቸው ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር ያለውን ዝናብ ጠጥቶ ነበር። ፊት ፊት አያ ካሴ፣ ከኋላ የደሳለኝ አባት የአጎት ልጅ አቶ መኳንንት፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ስማቸውን እስከ ዛሬ ያላወቅኩት ዝምተኛ ሰውዬ። በወጉ መሠረት ቆመው ቀሩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ጋሼ፣ ለምን እንደመጡ የማያውቁ መስለው፤ በጉን ከንጋት ጀምረው አሳርደው።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አያ ካሴ። «ልጃችን ለልጃችሁ ባል፣ ልጃችሁ ለልጃችን ሚስት እንድትሆን ልንለምን ነው የመጣን።»

እኔና እትዬ ጥሩ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ነበርን። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ደሳለኝ ነው፤ እሱ ወግ ስለሆነ አልመጣም፣ ከተማው ውስጥ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። «ተቀመጡ?» ይላል። «ገና» ብዬ ጻፍኩ።

ተቀመጡ። አባ ጥበቡም ነበሩ። ከጠላው ትንሽ ከተቀመሰ በኋላ «እንግዲህ ዘር ይቆጠር» አሉ። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፤ አባ ጥበቡ ደግሞ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ጋሼ ይህችን ቃል ሲጠብቁ ነበር። ተነሡ። ዳንቴሉን አነሡ። መጽሐፉን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«እኛ እንኳ ስለ ራሳችን መናገር አንወድም» አሉ። «ግን በታሪክ ተጽፏል። የልጅቱ እናት እህቴ ናት፣ የእኛ አባት ተሰማ፣ የተሰማ አባት እንግዳ፣ የእንግዳ አባት ፊታውራሪ ገላው! የእቴጌይቱ የአክስት ልጅ! ይኸው!»

አቶ መኳንንት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ማን አልክ?»

«ፊታውራሪ ገላው።»

«የከሱ በሬዎችን ያመጡት?»

«ድርቅ ነበር» አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው።

«የእኛ ናቸው እኮ! አያ ካሴ፣ የእኛ ገላው እኮ ናቸው! እኛም ከእሳቸው ነን!»

አያ ካሴ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔ ይችን ገጽ ሳነብ አልቅሻለሁ» አሉ። «አባቴ የነገረኝን ሰው በመጽሐፍ አየሁት።»

«ዘመድ ነን በሉኛ!» አሉ ጋሼ።

ከዚያ የሆነውን ባያችሁ! ተነሡ፣ ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «ወንድሜ!» «የአጥንቴ ፍላጭ!» ዝምተኛው ሰውዬ እንኳ ማንን ማቀፍ እንዳለባቸው ሳያውቁ አባ ጥበቡን አቀፉ። ጋሼ «ሌላ ጠላ!» ብለው ጮኹ። እትዬ ጥሩ ግን ጓዳ ውስጥ ጉንጫቸውን በጥፊ መቱ።

«ጉድሽ ፈላ» አሉኝ። «ዘመድ ከሆኑማ...»

እኔም በዚያው ቅጽበት ገባኝ። ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «ምን ላይ ደረሱ?»

«ተቃቀፉ» ብዬ ጻፍኩ።

«ጎሽ! ጥሩ ነው።»

«መጥፎ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ስልኩን መልሼ ሽርጤ ኪስ ከተትኩ።

ሳሎን ውስጥ መጀመሪያ የነቁት አባ ጥበቡ ናቸው። ከዝምተኛው ሰውዬ እቅፍ ወጥተው ቆባቸውን አስተካከሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«በሴቷ አራት ቤት» አሉ። «በወንዱ በኩልስ እንዴት ነው? አያ ካሴ፣ ይቁጠሩልኝ።» ተቆጠረ። «አምስት። ሰባት አይሞላም። እህትና ወንድም ናቸው። ይህን ጋብቻ እኔ አልባርክም፣ ሌላ ካህንም አይባርከው።»

ጋሼ ቆመው ቀሩ። መጽሐፉ እጃቸው ላይ ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ በዝምድና ከተመለሰ ተመለሰ ነው፤ ጥሎሽ አንሷል እንደሚባለው ተጨምሮ አይመጣም። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ከነገ ጀምሮ ደሳለኝ መቀስ ሊዋስ ሲመጣ «ወንድምዬ» ልለው ነው። የእሱ ሠርግ ላይ ዘመድ ተብዬ ሽንኩርት ልልጥ ነው! እና ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት በሬዎቹን ሣር ስላላበላ ነው።

ክርክሩ ተጀመረ። አሁን ሁለቱም ወገን ልጆቹ እንዲጋቡ ይፈልጋል፤ ግን ሁለቱም ፊታውራሪውን አይለቅም።

«ሁለት ገላው ሊኖር ይችላል» አሉ ጋሼ። «የእናንተ ሌላ ገላው ይሆናሉ።»

«የእኛ በመጽሐፍ ያሉት ናቸው» አሉ አቶ መኳንንት። «ሌላው የእናንተ ይሁን።»

«መጽሐፉ እኮ ያለው በእኔ ቤት ነው!»

«መጽሐፉ የአስተማሪዋ አይደለም ወይ? እኛ ቤትም ነበር። ቀድመን ያነበብነው እኛ ነን!»

«እኛ ዳንቴል አልብሰነዋል!»

«እናንተ ሴት ሰጪ ናችሁ፣ ለልጃችሁ ስትሉ ብትተዉት ምን አለበት?»

«እናንተ ለማኝ ሆናችሁ መጥታችሁ እኛን ዘር ታስጥሉናላችሁ?»

እዚህ ላይ ዝምተኛው ሰውዬ አፋቸውን ከፈቱ። ቀኑን ሙሉ የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው። «በሬዎቹን ብትካፈሉስ?» አሉ። ተመልሰው ጠላቸውን ጠጡ።

ድምፅ እየጨመረ ሄደ። ጋሼ ገጹን በጣታቸው ይመታሉ፣ አቶ መኳንንት መጽሐፉን ሊወስዱ ይጎትታሉ፤ ያ ደሳለኝ ያመሰገነው ጥራዝ ሲንቋቋ ከጓዳ ይሰማኛል። አያ ካሴ ብቻ ወለሉን ያዩ ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ላብ በላብ ሆነው «አንች ልጅ! ጠላ!» ብለው ተጣሩ።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወጣሁ። እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ የማየው እግር ብቻ ነው፤ የጋሼ ጫማ፣ የአቶ መኳንንት ቦት፣ የአያ ካሴ ጎማ ጫማ ከነጭቃው። ለአያ ካሴ ልቀዳ ጎንበስ ስል ብርጭቋቸውን በእጃቸው ከደኑት።

«ቆይ» አሉ። «አድማሱ፣ አንተ አንድ ገጽ ነው ያነበብከው። እኔም አንድ ገጽ ነው ያነበብኩት። መኳንንት ያችንም አላነበባት፣ ከእኔ ሰምቶ ነው። ይችን መጽሐፍ ሙሉ ያነበበ ሰው በዚህ ቤት አለ?»

ጋሼ ጣታቸውን ከገጹ ላይ አነሡ።

«እሷ ናት!» አሉ እትዬ ጥሩ ከመጋረጃው ኋላ። «በምሳ ሰዓት በድብቅ ስታነብ አይቻታለሁ!»

ምድር አልተከፈተችልኝም። አያ ካሴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንችስ ምን አልሽ?»

ስንት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ ነው! ሲመጣ ግን በአምስት ሰው ፊት ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነው የመጣው። «እንዲሁ» ብዬ ወደ ጓዳ ልሮጥ ነበር። ግን ያ ጥራዝ ሲንቋቋ የሰማሁት ድምፅ ነው መሰለኝ፣ እዚያው ያቆመኝ።

«እኔ... ያናደደኝ ነገር አለ» አልኩ።

«በይ።»

«እቴጌይቱን ከመንገሣቸው በፊት በልጅነታቸው ድረዋቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሲድሯቸው ማን እንደመጣ፣ ማን ዘር እንደቆጠረ፣ ስንት ከብት እንደተነዳ፣ ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ፣ ሁሉም ተጽፏል። እሳቸውን የጠየቀ ሰው ግን አልተጻፈም። ሌላ ቦታ ይኖራል ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግኩ። የለም። ያን ያህል ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃቸውም።»

እንዲህ ያለ ረጅም ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ጠላው ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ።

አያ ካሴ ቀና ብለው አዩኝ። «አንችንስ የጠየቀሽ አለ?»

ራሴን ነቀነቅኩ፣ የለም ብዬ።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅ። ደሳለኝን ትፈልጊዋለሽ?»

«ኧረ አያ!» አሉ ጋሼ ደንግጠው። «ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት...»

«እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ። አቶ መኳንንት ሳሉ። ጋሼ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ።

«አዋረድሽኝ! በሽማግሌ ፊት! በነፍስ አባት ፊት! የእቴጌ ዘር የሆነች ሴት እንዲህ ትናገራለች?!»

አያ ካሴ መሣቅ ጀመሩ። ሣቃቸው መጀመሪያ ትከሻቸው ላይ ነበር፣ ኋላ ወደ ሆዳቸው ወረደ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አድማሱ» አሉ፣ «እስከ አሁን ስትናገር አላመንኩህም ነበር። አሁን አመንኩህ። ይች ልጅ የእቴጌይቱ ዘር ናት፤ በዚህ ከእንግዲህ አልከራከርህም። እንግዲህ ያልሆንነው እኛ ነን።»

«አያ!» አቶ መኳንንት ብድግ አሉ። «ምን ነካዎት? የፊታውራሪ ገላውን ዘር እንዲህ...»

«አንተ ከፈለግህ ከበሬዎቹ ቁጠር።»

አባ ጥበቡ ግን አልሣቁም። «አያ ካሴ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም» አሉ። «ለልጆቹ ብለው ከሆነ ኃጢአቱ የእርስዎ ነው። በእውነት ይንገሩኝ፤ ከገላው ነዎት ወይስ አይደሉም?»

ሣቁ ከአያ ካሴ ፊት ጠፋ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ገጹን አንድ ጊዜ አዩት፤ ያችን ያለቀሱባትን።

«በእውነት አባ፣ አላውቅም» አሉ። «አባቴ ነገረኝ፣ ደስ አለኝ፣ ያዝኩት። ለአባቴ ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። ከገላው በታች የቆጠርኩላችሁን ስም እንኳ አንዱን ከአጎቴ፣ አንዱን ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በየለቅሶው በየሠርጉ እንደማውቅ ሆኜ ተናግሬያለሁ። የማውቀው ነገር የአባቴን አባት መቃብር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

መጽሐፉን ዘጉት።

አባ ጥበቡ ጣቶቻቸውን አጠፉ። «ከማይታወቅ ሰው እኔም መቁጠር አልችልም» አሉ። «በሚታወቀው በኩል ዝምድና የለም።»

አሁን ሁሉም ጋሼን አየ። ምስኪን ጋሼ! ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን በሦስት ሽማግሌና በአንድ ካህን ፊት የእቴጌ ዘር ብቸኛው ባለቤት ሆነው ተመስክሮላቸዋል። ቢቆጡኝ ምስክሩ ይበላሻል፣ ቢኮሩ ደግሞ ድፍረቴን ማጽደቅ ነው። ቁጣውና ኩራቱ አፋቸው ላይ ተጋጭተው ቆሙ። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲህ» አሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «እኛ ዝቅ ብለን መዳር ልማዳችን ባይሆንም...»

«አድማሱ» አሉ አባ ጥበቡ።

«ሰጥተናል» አሉ ጋሼ።

እልልታው ከጓዳ መጣ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ አንዴ ከተናገርኩ ወዴት እንደሚገባ አላውቅም። አያ ካሴ ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ጎንበስ ብዬ ቀዳሁላቸው። አቶ መኳንንት እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለደሳለኝ ንገሪልኝ» አሉኝ። «ጥሎሹ ላይ አንድ ፊታውራሪ ጨምሬለታለሁ።»